ድሉ የሸፈነው ሕመም፦ የቦክሰኛው ኢኬ ኢቤአቡቺ ጉዳይ

ቦክስ በሚወዱ የደሴ ወጣቶች ዘንድ በየጊዜው የሚነሳ አንድ ክርክር አለ፤ ናይጄሪያዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ኢኬ ኢቤአቡቺ ባይታሰር ኖሮ የዘመኑን የዓለም ሻምፒዮን ሌኖክስ ሌዊስን ያሸንፍ ነበር ወይስ አያሸንፍም? ልጆቹ የናይጄሪያዊውን ግጥሚያዎች በስልካቸው ደጋግመው አይተዋል። ብዙዎቹ ግጥሚያዎቹ ሲካሄዱ ገና አልተወለዱም፤ ሆኖም በየትኛው ዙር የትኛው ቡጢ የት እንዳረፈ በቃላቸው ይናገራሉ። ክርክሩ የቱንም ያህል ቢሞቅ መደምደሚያው ግን አንድ ነው። «ምን ያደርጋል፣ ዕድሉን በገዛ እጁ አበላሸው» ይባልና ሁሉም ወደ ልምምዱ ይመለሳል።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ኢቤአቡቺ የፈጸመው ጥፋት የራሱ ነው፤ ከትከሻው ላይ ላወርድለት አልሻም። ነገር ግን «በገዛ እጁ» ብሎ መዝጋት በዙሪያው ቆመው ሕመሙን ያዩትን፣ አይተውም ግጥሚያውን ያስቀጠሉትን ሰዎች በሙሉ ከታሪኩ ማውጣት ነው። ደግሞም በእርሱ እጅ የተጎዱ ሰዎች አሉ። ላመለጠው የሻምፒዮንነት ቀበቶ የሚቆጩ ብዙ ሰዎችን ሰምቻለሁ፤ ስለ ተጎጂዎቹ ግን አንድ ቃል የሚተነፍስ አላጋጠመኝም። ጉዳዩን ከመነሻው የምጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ ወጣቶችን ለሚያሠለጥኑ ሰዎችና ለወላጆች ነው። የውጭ አገር ክስተቶች ዘመን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከኢሱኦቺ እስከ ዳላስ

ኢኬመፉላ ቻርልስ ኢቤአቡቺ በ1973 በናይጄሪያ ኢሱኦቺ ተወለደ። በልጅነቱ ያሰበው ውትድርና ነበር። ሐሳቡን ያስቀየረው በፌብሩዋሪ 1990 ቶኪዮ ላይ የተደረገው ግጥሚያ ነው። በስተር ዳግላስ የተባለው፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ቦክሰኛ፣ እስከዚያ ቀን ሽንፈት የማያውቀውን ማይክ ታይሰንን በ10ኛው ዙር ሲዘርረው የ17 ዓመቱ ልጅ አየ፤ ጓንት ለማጥለቅም ወሰነ። በአማተርነት ዘመኑ የአገሩን ልጅ ዳንካን ዶኪዋሪን አሸንፏል፤ ይህ ዶኪዋሪ በኋላ በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል። ልጁ ከመጀመሪያውም ተራ ቦክሰኛ አልነበረም ማለት ነው።

በ1993 ከእናቱ ጋር ወደ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ግዛት፣ ዳላስ ከተማ ሄደ። እዚያ የተቀበለው አሰልጣኝ ከርቲስ ኮክስ ነበር። ኮክስ ከ1966 እስከ 1969 የዓለም የዌልተር ሚዛን ሻምፒዮን የነበረ፣ ቦክስን ከሥር መሠረቱ የሚያውቅ ሰው ነው። ኢቤአቡቺ በ1994 የዳላስን የወርቅ ጓንት ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመትም ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ ገባ። ሴድሪክ ኩሽነር የተባለው ፕሮሞተር ግጥሚያዎቹን ያዘጋጅለት ጀመር። በሦስት ዓመት ውስጥ 16 ግጥሚያ አድርጎ 16ቱንም አሸነፈ። «ፕሬዚዳንቱ» የሚል ቅጽል ስም ነበረው፤ ሰዎች በዚሁ እንዲጠሩትም ይፈልግ ነበር። ያን ጊዜ ይህን ሁሉም የቦክሰኛ ጉራ አድርጎ ወሰደው።

የሳክራሜንቶው ምሽት

ጁን 7 ቀን 1997 በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ከተማ ከዴቪድ ቱዋ ጋር ተገናኘ። ቱዋ በሳሞአ ተወልዶ በኒውዚላንድ ያደገ፣ ቁመቱ አጭር፣ አንገቱና ትከሻው አንድ የሆነ፣ የግራ ቡጢው የሚያስፈራ ቦክሰኛ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ጆን ሩይዝን በ19 ሰከንድ ዘርሮታል። 27 ግጥሚያ አድርጎ አልተሸነፈም ነበር። ባለሙያዎች ሊያሸንፍ ይችላል ብለው የጠበቁት እርሱን ነው።

ቦክስ የሚማር ሰው ይህን ግጥሚያ በድምፅ አልባ ቢያየው ይሻላል። በከባድ ሚዛን ሁለት ሰዎች ከአራትና ከአምስት ዙር በኋላ ክንዳቸው ይከብዳል፤ ይደገፋፋሉ፤ ይተቃቀፋሉ፤ ዳኛው እየገባ ያላቅቃቸዋል። እዚህ ግን ግንባር ለግንባር ገጥመው 12 ዙር ሙሉ አላቆሙም። ኢቤአቡቺ በግራው ይለካል፤ ቱዋ አጎንብሶ ሲገባ ከሥር ወደ ላይ ያነሳዋል። ወደኋላ እንደመሸሽ ግማሽ እርምጃ ብቻ ወደ ጎን ይወጣና እንደገና ይጀምራል። የቱዋ የግራ ቡጢ አገጩን ደጋግሞ አግኝቶታል፤ አንድም ጊዜ ግን አልወደቀም። ቡጢ የሚቆጥረው ኮምፒዩቦክስ የተባለው ድርጅት በዚያ ምሽት በሁለቱ መካከል 1,730 ቡጢ መሰንዘሩን መዘገበ፤ በከባድ ሚዛን ታሪክ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ቁጥር ነበር። ከእነዚህ 975ቱ የኢቤአቡቺ ናቸው። ሦስቱም ዳኞች በነጥብ ለእርሱ ፈረዱ፤ ውጤቱም 117 ለ111፣ 116 ለ113 እና 115 ለ114 ነበር።

የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ስሙ ከዓለም ሻምፒዮና ጋር አብሮ መነሳት ጀመረ። የደሴ ልጆች የሚያውቁት ታሪክ እዚህ ላይ ይቆምና በቀጥታ ወደ እስር ቤት ይዘላል። የእኔ ጉዳይ በመሃል ያለው ነው።

በመሃል ያለው

ከቱዋ ግጥሚያ በኋላ ኢቤአቡቺ ራሱን እንደሚያመው ተናገረ። ሆስፒታል ሄዶ ጭንቅላቱ ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘም። በምርመራ ምስል ላይ ምንም አለመታየት ሰው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ የአእምሮ ሕመም በምስል አይታይም። ሰውየው እርኩሳን መናፍስት እንደሚያይና እንደሚከታተሉት ይናገር እንደነበር በቅርቡ የነበሩ ሰዎች በኋላ ለጋዜጦች አውርተዋል። አንድ ጊዜም የግጥሚያ ውል ለመነጋገር በተቀመጡበት ገበታ ላይ ቢላ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ በመሰካት ቀበቶዎቹ የእርሱ እንደሆኑ መጮሁ በሰፊው ተዘግቧል። ይህን ያዩ ሰዎች በገበታው ዙሪያ ነበሩ። በማግሥቱም ሥራው ቀጠለ።

ከድሉ ጥቂት ወራት በኋላ የቀድሞ የሴት ጓደኛውን የ15 ዓመት ልጅ በመኪናው ይዞ ሄደ። ከኦስቲን ከተማ በስተሰሜን፣ በአውራ ጎዳናው ላይ፣ መኪናውን ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር አጋጨው። ልጁ ክፉኛ ተጎዳ፤ ዳግመኛ እንደ ጤነኛ ሰው መራመድ እንደማይችልም ተነገረ። ፍርድ ቤቱ ኢቤአቡቺ ራሱን ለማጥፋት ሲሞክር እንደነበር ደመደመ። ሰውን ከሕግ ውጭ አግቶ በመያዝ ጥፋተኛነቱን አምኖ 120 ቀን እስር ተፈረደበት፤ በፍትሐ ብሔሩም 500,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ይህን አንቀጽ ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንድ ፍርድ ቤት «ይህ ሰው ራሱን ሊያጠፋ ነበር» ብሎ በይፋ ደምድሟል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ማንም የሰፈር ሰው ይመልሰዋል፤ ሰውየው ሐኪም ያስፈልገዋል። የሆነው ግን ሌላ ነው። እስሩ ተፈጸመ፤ በገንዘቡም ስምምነት ተደረሰ፤ በጁላይ 1998፣ ከቱዋ ግጥሚያ 13 ወር ያህል በኋላ፣ ኢቤአቡቺ እንደገና መድረክ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ተጋጥሞ ሁለቱንም አሸነፈ።

እዚህ ላይ ክፉ ሰው ፈልጎ ጣት መቀሰር ቀላል ነው፤ እኔ ግን በዙሪያው ከነበሩት መካከል አንድም ሰው ሊጎዳው አስቦ ነበር ብዬ አላምንም። ችግሩ ያለው በአሠራሩ ነው። ፕሮሞተር ገንዘብ የሚያገኘው ቦክሰኛው ሲጋጠም ነው። ማናጀርም እንዲሁ፤ አሰልጣኝም ድርሻውን የሚያገኘው ከግጥሚያው ክፍያ ነው። ቴሌቪዥን የሚፈልገው የማይሸነፍ ሰው ነው። የቦክስ ኮሚሽኑ ሐኪም ዓይኑንና የደም ግፊቱን ያያል፤ እጁን ዳስሶ ያልፋል። ሰውየው ሌሊት ምን እንደሚያይ መጠየቅ የማንም ሥራ አልነበረም። «አሁን አትጋጠም፣ መጀመሪያ ታከም» የሚለው ሰው ከዚያ ቃል ምንም አያተርፍም፤ ምናልባትም ከሥራው ይባረራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሌላው እስኪናገር ጠበቀ። ልጁ በተሸነፈ ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው «ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እያሸነፈ ስለሆነ ግን ጥያቄው አልተነሳም። ሕመሙን የሸፈነው ድሉ ራሱ ነው።

የመጨረሻው ድል እና ላስ ቬጋስ

ማርች 20 ቀን 1999 በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ከተማ ክሪስ በርድን ገጠመ። በርድ ግራኝ ነው፤ በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘ፣ ሰውነቱን እያጠማዘዘ ቡጢን የሚያሳልፍ፣ 26 ግጥሚያ አድርጎ ያልተሸነፈ ቦክሰኛ ነበር። ለአራት ዙር ያህል እንዳመለጠ ቆየ። በ5ኛው ዙር መጨረሻ ላይ ግን ኢቤአቡቺ ከሥር በተነሳ የግራ ቡጢ አገጩን አገኘው፤ ቀጥሎ የመጣው በግንባሩ ወደ መድረኩ ደፋው። ተነሳ፤ እንደገናም ወደቀ፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አቆመ። 20 ግጥሚያ፣ 20 ድል፣ 15ቱ በዝረራ። ዕድሜው 26።

ከአራት ወር በኋላ፣ በጁላይ 1999፣ በላስ ቬጋስ አንድ ሆቴል ውስጥ በክፍያ የጠራትን የ21 ዓመት ሴት በማጥቃት ተያዘ። ፖሊስ ሲመጣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ዘግቶ ተቀመጠ፤ ያስወጡት በበሩ ሥር በርበሬ ጋዝ ረጭተው ነው። በቀደሙት ወራት በዚያው ከተማ ተመሳሳይ አቤቱታ ቀርቦበት እንደነበርም ታወቀ። ያም ከማስጠንቀቂያዎቹ አንዱ ነበር፤ ያም አልፏል።

ዳኛው ኢቤአቡቺ ለፍርድ ለመቅረብ የሚያበቃ የአእምሮ ጤንነት ላይ እንዳልሆነ ወስኖ ወደ ግዛቱ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ላከው። ሐኪሞቹ ባይፖላር የተባለውን፣ ስሜት ያለ ልክ ከፍ እያለና እየወደቀ የሚፈራረቅበትን ሕመም ለዩ። መድኃኒት አልወስድም ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲወስድ ተደረገ። በኖቬምበር 2001፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ ነገር ግን የቀረበው ማስረጃ ሊያስፈርድበት እንደሚችል ተቀብሎ ጉዳዩ ተዘጋ። በአንደኛው ክስ ከ2 እስከ 10፣ በሌላው ደግሞ ከ3 እስከ 20 ዓመት ተፈረደበት። ከግዛቱ እስር ቤት የወጣው በ2014 ነው፤ ከዚያም በቀጥታ ለኢሚግሬሽን ተላልፎ እስከ 2015 መጨረሻ ተይዟል፤ በ2016 ደግሞ እንደገና ታስሮ እስከ 2020 ቆየ።

ከእነዚህ ዓመታት ጎን ለጎን የተሸናፊዎቹን መንገድ እናስቀምጥ። ቱዋ በኖቬምበር 2000 ከሌኖክስ ሌዊስ ጋር ለዓለም ሻምፒዮናነት ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። በርድ በዚያው ዓመት ቪታሊ ክሊችኮ በጉዳት ከግጥሚያው በወጣበት ውድድር ቀበቶ አገኘ፤ በ2002ም ኢቫንደር ሆሊፊልድን አሸንፎ ሌላ ቀበቶ ወሰደ። ኢቤአቡቺ ያሸነፋቸው እነዚህ ሁለት ሰዎች እርሱ ያልደረሰበት ደርሰዋል። ወጣቶቹ የሚቆጩት ለዚህ ነው፤ ቁጭታቸውም ይገባኛል። ነገር ግን «የባከነ ተሰጥኦ» ስንል የምንቆጥረው የእርሱን ቡጢ ብቻ ከሆነ ከምሰሶው ጋር በተጋጨው መኪና ውስጥ የነበረውን የ15 ዓመት ልጅ ከቁጥር አስወጥተነዋል። ያ ልጅ ቦክሰኛ አልነበረም፤ ቀበቶም አልተመኘም። እንደ ጤነኛ ሰው መራመድን ግን አጥቷል። በሆቴሉ ክፍል ውስጥ የነበረችው ሴትም እንዲሁ። በዚያን ዓመት አንድ ሰው ተነስቶ «ይበቃል፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ቢል ኖሮ የሚድነው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

ሕመሙ ጥቃቱን ይቅር ያሰኛል ማለቴ አይደለም። አብዛኞቹ የአእምሮ ሕሙማን ሰውን አይነኩም፤ በሰው የሚጎዱት ግን ብዙ ናቸው። ይህን ሳይናገሩ የኢቤአቡቺን ታሪክ ማውራት በየቤቱ በዝምታ የሚታመሙትን ማስፈራራት ይሆናል።

ብቻውን ያለ ጉዳይ ነው የሚለኝ ካለ የቬኔዙዌላዊውን የኤድዊን ቫሌሮን ያስታውስ። 27 ግጥሚያ፣ 27ቱም በዝረራ፤ በሁለት ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን። በ2001 በሞተር ሳይክል አደጋ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ነበር። በ2010 መጀመሪያ ባለቤቱ ተጎድታ ሆስፒታል ገብታለች፤ እርሱም ወደ ሕክምና እንዲገባ ታዝዞ ብዙ ሳይቆይ ወጥቷል። በኤፕሪል 2010 ባለቤቱን በመግደል ተይዞ በማግሥቱ በእስር ክፍሉ ራሱን አጠፋ። እዚያም ሁሉም አይቶ ነበር።

ጉዳዩ ወደ ደሴ ሲመጣ

እዚህ ደሴ ውስጥ ፕሮሞተርም ቴሌቪዥንም የለም፤ ስለዚህ ነገሩ አይመለከተንም የሚል አሰልጣኝ አውቃለሁ። እኔ በተቃራኒው ነው የማስበው። ገንዘቡ ባይኖርም ዝምታው አለ። የሰፈሩ ሰው ስሙን የሚጠራለት፣ ወደ አዲስ አበባ ክለብ ሊሄድ ነው የሚባልለት፣ እናቱ ተስፋ የጣለችበት ልጅ አንድ ነገር ሲሆን ዓይናችንን እንጨፍናለን። ልጁ እያሸነፈ እስከሆነ ድረስ።

ምልክቱም ደሴ ላይ ለመደበቅ ምቹ ነው። የባይፖላር ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ቦክሰኛ ጎልቶ በሚወጣበት ዕድሜ ማለት ነው። ሲጀምርም እንደ በሽታ አይመስልም። ልጁ ሌሊቱን ለሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ጎህ ሳይቀድ በጉሙ ውስጥ ጦሳን ሲወጣ ይገኛል። ድካም የሚባል አያውቅም። ብዙ ያወራል፤ ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ያለውን ገንዘብ ሁሉ ያወጣል። የዓለም ሻምፒዮን እንደሚሆን በእርግጠኝነት ይናገራል፤ የሚጠራጠረውን ይቆጣል። አሰልጣኝ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ «ይሄ ልጅ ረሃብ አለው» ይላል። ከሳምንታት በኋላ ያው ልጅ ከአልጋው አይነሳም፤ ልምምድ ይቀራል፤ ስልኩን አያነሳም። ያን ጊዜ ደግሞ «ሰነፈ» ይባላል። ሁለቱ የአንድ ሕመም ፊቶች ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚነግረን የለም።

ከዚያ ጫቱ አለ። በወሎ ልጅ አልተኛም ካለ የመጀመሪያው መልሳችን «ጫት ነው» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ነገር ግን ጫት እንቅልፍ ይከለክላል፤ የእንቅልፍ እጦት ደግሞ ለዚህ ሕመም ለተጋለጠ ሰው ማገርሸቻው ነው። ጫቱ ሕመሙን የሚያብራራ ሳይሆን የሚያባብስ ሊሆን ይችላል። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በሌሊት ፈረቃ ሠርተው ጠዋት ልምምድ የሚመጡ ልጆችም አሉ፤ የእነርሱም እንቅልፍ ማጣት በፈረቃው ይሳበባል። ጦርነቱንም መርሳት አይቻልም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነቱ ሥር የወደቁበትን ጊዜ ዛሬ በጓንት የሚሠሩት ብዙዎቹ በልጅነታቸው አልፈውታል። ሌሊት የሚጮህ ልጅ ሲያጋጥመን «ያየውን አይቶ ነው፣ አብሽር ያልፋል» እንላለን። የሚያልፍም አለ፤ የማያልፍም አለ።

ስለ ጸበልና ስለ ሩቅያም ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም ኢቤአቡቺ መናፍስት አያለሁ ያለው እዚህ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ግሸን ወይም ወደ አንድ ሼህ ይሆን ነበር። ይህን ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። እምነቱ የታመመውን ሰው ብቻውን እንዳይሆን ያደርገዋል፤ ቤተሰብም አብሮት ይቆማል። ነገር ግን ጸበሉ መድኃኒትን አይከለክልም፤ ዱዓውም ከሐኪም ጋር አይጣላም። ለረጅም ዘመን ለአእምሮ ሕክምና ሰው ሁሉ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ነበር የሚላከው። አሁን በደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ልጁን ይዞ ለመሄድ ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ ማደር አያስፈልግም።

እጅ በሚጠቀለልበት ሰዓት

በዳላስ ያልነበረ እዚህ ያለን አንድ ነገር አለ፤ አሰልጣኙ ልጁን በየቀኑ ያየዋል፤ ከእርሱ የሚያተርፈው ገንዘብም የለም። ዝም የሚያሰኘው ክብሩና ተስፋው ብቻ ነው።

ከልምምድ በፊት እጅ የሚጠቀለልበትን ጊዜ አስቡ። ልጁ ወንበር አዙሮ ይቀመጣል፤ አሰልጣኙ ፊት ለፊቱ። የጨርቁ ቀለበት አውራ ጣት ውስጥ ይገባል፤ አራት ሜትር ተኩል የሚሆነው ጨርቅ በእጅ አንጓ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በጣቶቹ መገጣጠሚያዎች ላይ ይተኛል፤ በጣቶቹ መሃል ይመላለሳል፤ እንደገና ወደ አንጓው ይመለሳል። ሁለት እጅ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጁ የትም አይሄድም፤ ዓይኑ ከአሰልጣኙ ዓይን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። የእጁ መንቀጥቀጥ ይሰማል። ትናንት ያልነበረ ቁስል ይታያል። ጓደኞቹ ገመድ እየዘለሉ ስለሆነ የሚባለው ነገር አይሰማም። ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም፤ «ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛህ? ትናንትናስ? ብቻህን ስትሆን ምን ትሰማለህ?» ማለት ይቻላል። መልሱ ለአንድ ቀን «አልተኛሁም» ቢሆን ነገር የለውም። አንድ ሳምንት ከተደጋገመና ልጁ ድካም ካላወቀ፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ ካለ፣ ልምምዱ ይቆማል፤ ጉዞው ወደ ሐኪም ነው። መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ ደግሞ ያን ዕለት ብቻውን አይተውም።

ይህ በጓደኞቹ ፊት የሚነገር ነገር አይደለም። በአዳራሹ መሃል «አንተ ልጅ እኮ ታመሃል» የተባለ ወጣት ነገ አይመለስም፤ ሰፈሩም ስም ያወጣለታል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጁ በሽታውን የሚሸሽገው የሚገልጥለት ሰው እንዳያፍርበት ስለሚፈራ ነው። ከቤተሰብ አንድ የሚያምነውን ሰው፣ ታላቅ ወንድሙን ወይም አክስቱን፣ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ምዝገባ ላይ የአባት ስምና ክብደት እንደሚጻፈው ሁሉ «ሲቸግር የሚጠራ ሰው» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ምንም አያስወጣም።

ከሁሉ የሚከብደው ከውድድር ማስቀረት ነው። ልጁ ለፍጻሜ ደርሷል፤ ከአዲስ አበባ መልማዮች መጥተዋል፤ ቤተሰቡ ደግሷል። በዚያ ቀን «አይገባም» ማለት አሰልጣኙን ጠላት ያደርገዋል። ኢቤአቡቺን ያላቆሙት ሰዎችም የተሸነፉት በዚህች ሰዓት ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ የሚቀጥለው ግጥሚያ የመጨረሻው በር መስሏቸው ነበር። ስለዚህ ውሳኔው በዚያ ቀን በአንድ ሰው ላይ መውደቅ የለበትም። የከተማችን አሰልጣኞች ውድድር ሳይኖር፣ ማንም ልጅ ለፍጻሜ ሳይደርስ፣ አስቀድመን ተነጋግረን መስማማት ይኖርብናል። በምን ምልክት ልጅ ከመድረክ እንደሚወርድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ፣ በማን ፈቃድ እንደሚመለስ ተጽፎ ይቀመጥ። በዝረራ የወደቀ ቦክሰኛ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጋጠም የሚከለክል ደንብ አለ፤ ማንም በዚያ አይቀየምም፤ ደንብ ነውና። ለአእምሮ ሕመምም እንደዚሁ ተራ ደንብ ቢሆን የልጁ ስም አይጎድፍም፤ አሰልጣኙም ብቻውን አይቆምም።

ልጆቻችን ይሸሹናል፣ ሌላ አዳራሽ ይሄዳሉ የሚል ስጋት አለ። ትክክለኛ ስጋት ነው። ለዚህም ነው ስምምነቱ የሁሉም አዳራሾች መሆን ያለበት፤ የደሴው ያስቀረውን ልጅ የኮምቦልቻው በማግሥቱ ካሰለፈው ሁሉም ከንቱ ይሆናል። ሃረጎን ወርዶ ሌላ ከተማ መግባት ለአንድ ወጣት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መነጋገር ያለብን እኛ የሁለቱ ከተሞች አሰልጣኞች ነን፤ የሆስፒታሉን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችም ለዚያ ስብሰባ እንጋብዛለን።